የሰዓዳ እናት ድሪ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሞልቶ ሌላ ክረምት ገባ። የድሬ ሙቀት ግን ያው ነው፤ አባዬ አልጋውን በረንዳ ላይ አውጥቷል። ታናሼ ሄለን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አግኝታለች። እኔ ደግሞ ሐዘናችን ረገብ ሲል ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለችውን የአሮጌ ብር ጌጥ ሱቅሽን መልሼ ከፈትኳት።

ይህን የምጽፍልሽ ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ ስለመጣች ነው፤ የቢዮ አዋሌዋ ሰዓዳ፣ ከእህቷ ከፋጡማ ጋር በእናታቸው ድሪ የተጣላችው። መሞትሽን አልሰማችም ነበር። ስነግራት በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ያንን ቀን አንስተን ብዙ አወራን።

ያን ቀን እህትማማቾቹ ሱቅሽ ሲገቡ ጎን ለጎን እንኳ አልቆሙም። እናታቸው ካረፉ ጀምሮ ድሪው ፋጡማ ዘንድ ነበር። ሰዓዳ፣ እህቴ እውነተኛውን አምበር፣ ከዛፍ ሙጫ የሚገኘውን ቢጫ ድንጋይ፣ አውጥታ በፕላስቲክ ቀይራዋለች ትላለች፤ ፋጡማ በአላህ ስም ትምላለች። አንቺ ለማንም ሳታዳዪ ድሪውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋሽና መጀመሪያ ብሩን አየሽ። ከማያያዣው ጀርባ የሠሪው ምልክት ነበር፣ ከመለበስ ብዛት ሊጠፋ የደረሰ። በጣትሽ ዳበስ አድርገሽ «ይሄ የድሮ የሐረር እጅ ነው፤ ብሩ እውነተኛ ነው» አልሽ።

ከዚያ ወደ ቢጫዎቹ ድንጋዮች ዞርሽ። መርፌ በእሳት አግለሽ የአንዱን ቀዳዳ ውስጡን ነካ አደረግሽው። የዛፍ ሙጫ ሽታ መስጠት ሲገባው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

«ይኸው! አላልኩም?» ብላ ሰዓዳ ጮኸች። ፋጡማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔም ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አንቺን የማደንቅሽ ለዚህ ነው፣ እማዬ። ሌላ ሰው ቢሆን ፍርዱን ሰጥቶ ይገላገል ነበር። አንቺ ግን «አቦ ቆይ፣ አትጩሂ፤ ገና አልጨረስኩም» አልሻትና ማጉያ መነጽርሽን አነሳሽ። የድንጋዮቹ ቀዳዳ ጠርዝ፣ አጠገባቸው ካሉት የብር ፍሬዎች ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተበልቷል፤ ብሩም በዚያው ልክ ሳስቷል። ሁለቱንም ጠርተሽ በመነጽሩ አሳየሻቸው።

«ይሄ መበላት ባንድ በሁለት ዓመት አይመጣም። ድንጋዩ ከብሩ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። እናታችሁ አንገት ላይ የነበረው ይኸው ራሱ ነው፤ ማንም አልቀየረውም» አልሽ።

«ታዲያ እናታችን ተታላ ነው?» አለች ሰዓዳ፣ ድምጿ ተለውጦ።

«እሱን አላውቅም። ድንጋዩ ያንን አይነግረኝም።»

ካየሽው አልፈሽ አንዲት ቃል አትጨምሪም ነበር። ሰዓዳ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ፋጡማ ሻሿን ከፊቷ አነሳች፤ ተቃቀፉ። አንቺ «ውሃ ላምጣላችሁ» ብለሽ ወጣሽ፣ ሆን ብለሽም ዘገየሽ። ሲሄዱ «እንዳትሸጡት፤ በየተራ ልበሱት» ብለሽ ሸኘሻቸው።

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ የነገረችኝን ግን አልሰማሽም። ያን ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ፣ አምበሩ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ከፋጡማ ጋር ዳግመኛ ከአንድ ማዕድ ላልቀርብ ብላ ምላ ነበር። ኋላ ፋጡማ በጠና ስትታመም ያስታመመቻት ሰዓዳ ናት፤ አሁን ድናለች። «እናትሽ ቸኩላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እህት የለኝም» አለችኝ።

እኔም ሥራውን እየለመድኩት ነው። ትናንት አንድ ሰው 925 የሚል የእውነተኛ ብር ምልክት የተመታበት ቀለበት አመጣ። ቁጥሩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠርዙ ግን ተልጦ ከሥሩ የመዳብ ቅላት ይታያል። ሰው ፊት እንዳያፍር፣ ልክ እንደ አንቺ፣ ሌላው ገዢ እስኪወጣ ጠብቄ ብር እንዳልሆነ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ቀለበቱ ላይ ስላለው ቀይ ድንጋይ ሲጠይቀኝ ግን እርግጠኛ ስላልነበርኩ እንደማላውቀው ነገርኩት። አላፈርኩበትም።

እማዬ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ እንግዳ ሲያመጡ አሁንም «የእትዬ አስካለ ሱቅ» ነው የሚሉት። አንዳንዱ ገብቶ እኔኑ «እትዬ አስካለ» ይለኛል። አላርማቸውም። እኔ እዚህ እስከተቀመጥኩ ድረስ በዚህ ሰፈር ስምሽ ሳይጠራ የሚውልበት ቀን አይኖርም።

ልጅሽ ማርታ