ያልረገጥኩት ደረጃ

ለውድ አባቴ፦

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? መሰላል መውጣቱን ተዉት ወይስ አሁንም ሰው ዞር ሲልልዎ ይወጣሉ? እናቴስ እንደምን አለች፣ ዓይኗ ተሻላት? እህቴ ከነልጆቿ ደህና ናት? ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እሷ መሆኗን ስለማውቅ እሷንም አብሬ ሰላም እላለሁ። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ራስ ምታት እንኳ የለብኝም። ደህና ያልሆነው ሌላው ነው፤ ወረቀት ያነሣሁትም እሱን ልነግርዎ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቴን ሥራ በዝቶበት ነው እያሉ ለሰው እንደሚናገሩልኝ እህቴ ጽፋልኛለች። ሥራ አልበዛብኝም አባባ። አፍሬ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ የከተማው ቦርድ አባል ሆኜ መመረጤን አፌን ሞልቼ ነግሬዎት ነበር። በአዲስ ኮትና በአዲስ ጫማ የተነሣሁትን ፎቶም ላክሁ። እርስዎም ጎረቤቱን ሰብስበው ደብዳቤውን አስነበቡ፤ አናጢው ወዳጅዎ «የግንበኛ ልጅ ግንብ ጠባቂ ሆነ» ብሎ መረቀኝ፤ ፎቶዬም ከበሩ ትይዩ ተሰቀለ። ይህን ስሰማ ደስታው ለሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሁን ያ ፎቶ እዚያ መሰቀሉ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴን የማዞርበት አጣለሁ።

ያን ጊዜ ክብሩን እንጂ ሥራውን አልጻፍኩልዎትም። ከተማው ጤና ጣቢያውን፣ የአውቶቡስ መጠለያውን፣ የገበያውን ጣሪያ የሚያሠራ የግንባታ መሥሪያ ቤት አለው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሠርቶ ራሱ «ጥሩ ነው» እንዳይል፣ ከነዋሪው የተመረጥን ሰባት ሰዎች ከበላዩ ተቀምጠን እንጠይቀዋለን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። እኔ የገባሁት ሴራሚክ ነጣፊ ስለሆንኩ ነው፤ የወረቀት ሰው ሞልቷል፣ ሲሚንቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑረን ብለው ነው። ደንቡ አጭር ነው። አንድ ሥራ ሲያልቅ ከሰባታችን አንዱ በእግሩ ይሄዳል፣ በዓይኑ ያያል፣ ቅጹ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ ከሌለ በሩ ለሕዝብ አይከፈትም። የቦርዱ ሥልጣን ዞሮ ዞሮ እዚያች ፊርማ ላይ ነው የሚያርፈው።

የእኔ ተራ የጤና ጣቢያው ሆነ። መሥሪያ ቤቱ መኪና ላከልኝ። ልቆጣጠረው የተመረጥኩት መሥሪያ ቤት በራሱ መኪና ሲያዞረኝ ምንም አልከነከነኝም። መሐንዲሱ ወርዶ የፊቱን በር ከፈተልኝና «ክቡር አባል» አለኝ። አባባ፣ በዕድሜዬ የመኪና በር ሰው ከፍቶልኝ አያውቅም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆሮዬ ከዚያች ቃል በቀር ምንም አልሰማም። አዳራሹን ዞርን፣ የፊቱን ደረጃ አየን፣ ደህና ነበር። የኋላው ደረጃ ቀረ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ነው። መሐንዲሱ ጫማዬን አየት አደረገና፣ የኋላውንም የሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ ምን ያለፋዎታል አለኝ። እኔም ጫማዬን አየሁ። ለፎቶው የገዛሁት ያ ጫማ ነው። መኪናው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። ለመታሰቢያ ይሆነኛል ብዬም አንዱን ቅጂ ኮቴ ኪስ ከተትኩ።

ጭቃ አቡክቶ ያሳደገኝ ሰው ልጅ ሆኜ ጭቃ ፈራሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ጉቦ አላቀመሰኝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ሳልበላም ሳልሻርም ቆጨኝ።

በግቢያችን ከእኔ ሁለት በር አልፋ የምትኖር ልብስ አጣቢ አለች። ስሜን ትታ «የኛ ቦርድ» ነው የምትለኝ። ልብሴን ስታጥብ ኮቴን ከሌላው ለይታ ታሰጣዋለች፤ ይሄ የሕዝብ ኮት ነው፣ ከካልሲ ጋር አይሰጣም እያለች ትቀልድብኛለች። ጤና ጣቢያው በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሳሙና ለቆረጠው እጇ ቅባት ልትቀበል ሄዳ በኋላው በር ወጣች። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ሴራሚኩ ከሥሯ ተነሥቶ አንሸራተታት። ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰበረ። ሐኪሙ፣ ቢጠገንም ከእንግዲህ ልብስ የሚጨምቅ እጅ አይሆንም ብሏታል። እሷ ደግሞ ሌላ ሙያ የላትም።

በነጋታው እጇን በፋሻ አንጠልጥላ ወደ ማን መጣች ይመስልዎታል? ወደ እኔ። «እኔ መጻፍ አልችልም፣ አንተ የዚያ ቤት ሰው ነህና አቤቱታዬን ጻፍልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት አባባ። ባማረ ጽሕፈት፣ መስመር ሳላዛንፍ፣ «ይህን ደረጃ ደህና ነው ብሎ የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ ይጣራልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ጮክ ብዬም አነበብኩላት። በግራ አውራ ጣቷ ቀለም ነክራ አተመችና መረቀችኝ። ያን ምርቃት ቆሜ ተቀበልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ መሬት ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ቶሎ አትሰነጠቅም።

ከዚያ በኋላ የድሮ ጫማዬን አድርጌ ብቻዬን ወደ ደረጃው ሄድኩ። እርስዎ በልጅነቴ «በጣትህ አንኳኳው፤ ሙሉ ከሆነ ዝም ይላል፣ ባዶ ከሆነ ይናገራል» ብለው ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ሁሉም ተናገሩ። ሲሚንቶው አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ጠብ ጠብ ተደርጎ መሐሉ ባዶ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የእርስዎ ልጅ መሆን ይበቃ ነበር።

አቤቱታው በስብሰባ ተነበበ። ሰብሳቢዋ ከመነጽራቸው በላይ ሁላችንንም አዩና ይህን ያየው ማን ነበር ብለው ጠየቁ። ያን ሰሞን ሁላችንም ብዙ ቅጽ ፈርመን ነበር፤ እያንዳንዱ እኔ እሆን እንዴ እያለ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ አውቅ ነበር፤ እኔም ጠረጴዛውን አየሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፋይሉ እየተፈለገ ነው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቅረብ አሉ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ይዘው «አይጨነቁ፣ ቅጹ አይገኝም። እናንተ ለእኛ፣ እኛ ለእናንተ ካልሆንን ሥራ አይሄድም» አሉኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኳቸው። አመሰግናለሁ! እኔ እሳቸውን ልጠብቅ ተመርጬ፣ እሳቸው የእኔ ጠባቂ ሆኑ። ቅጹ ከጠፋ ጥፋቱ የማንም አይሆንም። የማንም ካልሆነ ደግሞ ስለዚያች ሴት እጅ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ ደረጃውም ሌላ ሰው እስኪጥል እንዲሁ ይቀመጣል።

ስብሰባው ነገ ነው። ትናንት ግን መጀመሪያ ለእሷ ልንገራት ብዬ ሄድኩ። በግራ እጇ ብቻ ልብስ ታጥባለች፣ መጭመቁን ትታ እያንጠባጠበ ትሰቅላለች። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ጫማውንም፣ ጭቃውንም፣ ፊርማውንም ሁሉንም ነገርኳት።

«ሄደህ ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር?» አለችኝ።

አላውቀውም ነበር ብላት ማን ያየኛል? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልቻልኩም። «አዎ፤ አንዴ ባንኳኳው አውቀው ነበር» አልኳት።

አልሰደበችኝም። ቢሆንልኝ ስድብ እመርጥ ነበር። ተነሥታ ለብቻው ከተሰጣበት ገመድ ላይ ኮቴን አወረደችና እርጥቡን እንዳለ ክንዴ ላይ ጣለችው። «ከእንግዲህ ራስህ አስጣው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልብሷ ዞረች።

ነገ ያን ለመታሰቢያ ያስቀረሁትን ቅጂ ከሣጥኔ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። ፈራሚው እኔ ነኝ፣ አላየሁም፣ ደረጃዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው እላለሁ። ከቦርዱ ያስወጡኝ ይሆናል፤ ሴራሚክ ንጠፍልን ብሎ የሚጠራኝም ሊጠፋ ይችላል። ራሴን አውቀዋለሁና ነገ ጠዋት ደግሞ ሰበብ እንዳልፈጥር፣ ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እጥለዋለሁ። እርስዎ ካወቁ ወዲያ ማፈግፈጊያ የለኝም።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜ ሰላም ይበሉልኝ፤ አታልቅስ፣ አልታመምኩም። ለታናሽ ወንድሜ ኮትና ጫማ ላክልኝ ያለውን እንደማልልክለት ይንገሩልኝ። ለእህቴ ልጆች ለየራሳቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ለአናጢው ወዳጅዎም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ምርቃቱን ግን መልሼለታለሁ። ፎቶውን ያውርዱት አባባ፤ ሚስማሩ ለሌላ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለሰሙት ሰዎች ሁሉ ይህም ይነበብላቸው። እህቴ፣ የሚያሳፍረው ቦታ ስትደርሺ ለአባባ ብለሽ እንደምታልፊው አውቃለሁ። አትዝለዪው። ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ።

ልጅዎ

ከሴራሚክ መጋዘኑ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት