ሳቄ የሸፈነው ቃል

ቦንጋ፣ ረቡዕ

ውድ ቲቸር በዛወርቅ፣

ወንድማገኝ ነኝ፤ ከክፍሉ ኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ ባለ ባጃጁ። አይቅደዱት! ስልክዎን ስለዘጉ በዋጫ መስመር ሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክኩት። የፊደል ስህተት ካለ በቀይ ያርሙልኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ለእርስዎ የሚታረም ነገር እንዲተርፍ ብዬ ነው።

ድምፅዎን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ያን ቅዳሜ ለጀማሪዎቹ የእንግሊዝኛ የስልክ አነጋገር ሲያስተምሩ፣ «ፒ»ን ለማስጠናት ቁራጭ ወረቀት ከንፈርዎ ፊት ይዘው «ወረቀቷ ካልተነቃነቀች አልተባለም!» ሲሉ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። በማግስቱ የገበያው ጎረምሳ ሁሉ አፉ ላይ ወረቀት ይዞ «ፕ! ፕ!» ሲልብዎት፣ ነጠላዎን ፊትዎ ላይ ሲስቡ፣ ባጃጄ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። አልወረድኩም። ሰኞ ዋጫ ወዳሉት እህትዎ ሄዱ።

ተማሪዎ ለምያ አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት አዲሱ ሆቴል ለሥራ ትፈተናለች። በእንግሊዝኛ ስልክ ማንሳት ነው። ከወደቀች ወንድሟ ቅዳሜ መጥቶ ጅማ ሱቁ ይወስዳታል። ጠመኔውን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ያባረርካቸው አንተ፤ በል አስተምረን!» አለችኝ። «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩና ትምህርቴ አለቀ።

ስለዚህ የምናጠናው በዚያው ቅጂ ነው። ለምያ ትከፍተዋለች፤ ሁሉም ወረቀት ይዘው ይደግማሉ። መሀል ላይ ሳቄ ሲመጣ ዝም ብለው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እንዲህ ረጅም ሳቅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ትናንት አቆመችው።

«እዚህ ጋ ምን አሉ?»

«የት ጋ?»

«ስትገለፍጥ! የተጠራው ሰው ከሌለ ምን በሉ ነው ያሉት?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተ እዚያው አልነበርክም እንዴ?»

ነበርኩ። ግን እየሳቅኩ ነበር። ሳቄን ቆርጬ ላወጣ ሞከርኩ፤ ድምፅዎም አብሮ ይወጣል።

ቲቸር፣ ነገ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ነኝ። ሌላ ሰው አልጭንም። እስከ ክፍሉ ድረስ ያቺን ወረቀት ግንባሬ ላይ ለጥፌ ነው የማደርስዎት፤ የሚስቅ በእኔ ይሳቅ። የእኔን ፊት ማየት ካስጠላዎት ግን፣ እዚያ ጋ ያሉትን ብቻ ጽፈው ለሹፌሩ ይስጡት። ለለምያ ብለው።

ዝም ብሎ የሚጠብቅዎ፣
ወንድማገኝ