ዶኛ ኤድዊሄስ ቦርኬስንና ትልቁን ቶርቲያ ስለማጣታችን

በሶኖራ የኤል ሳውስ ከተማ የቶርቲያ ዘርጊ ሴቶች ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩት ዶኛ ኤድዊሄስ ቦርኬስ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለምግብ ቤቶችና ለከተማው ሕዝብ ሲያስታውቅ ጥልቅ ሐዘን ይሰማዋል። ብስጭትም ይሰማዋል። ምክንያቱን መደበቅ አልፈለግንም።

ዶኛ ኤድዊሄስ ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1974 ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲመሠርቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበሩ። ያኔ የምንዘረጋው የስንዴ ቶርቲያ፣ ይኸው ስሱ ቂጣችን፣ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን ቢደርስ ነው።

በ1988 ወንዙ ሞልቶ የሥራ ዳሳችንን ሲወስድ ብረት ምጣዱን በጀርባቸው አዝለው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አወጡት። በማግስቱ እዚያው እሳት አንድደን መጋገር ቀጠልን።

በ1996 በአውራ ጎዳናው ላይ ያሉ ምግብ ቤቶች በግዙፉ የጭነት ፈረስ ስም ፔርቼሮን የሚሉትን፣ በቶርቲያ የሚጠቀለል ክንድ የሚያህል ቡሪቶ መሸጥ ጀመሩ። የእኛ ቶርቲያ አልበቃም፤ ሥጋውና አቮካዶው በግራም በቀኝም ይፈስ ነበር። ዶኛ ኤድዊሄስ ሊጡን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ እስከ ብብታቸው ድረስ አሰፉት። ከበስተጀርባው የቆመ ሰው ይታያል፣ ግን አይቀደድም። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የምንኖረው በዚህ ቶርቲያ ነው። እኛ እናቦካለን፣ እሳት እናነዳለን፣ አጥፈን እንሸጣለን። የሚዘረጉት ግን እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ምግብ ቤቶቹ በራቸው ላይ የፈረስ ሥዕል ሰቀሉ፤ የእርሳቸውን ስም የጻፈ የለም።

በ2011 ማኅበሩ ለአባላት እንዲያስተምሩ ጠየቃቸው። በደስታ ተቀበሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዶኛ ኤድዊሄስ ሊጥ ሲቀደድ ማየት አይችሉም ነበር። አንዷ ዘርግታ ክርኗ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቀዳዳ ከታየ፣ "አምጪው ልጄ፤ ዘርጊ አልኩሽ እንጂ ወንፊት ሥሪ አልኩሽ?" ብለው ከእጇ ይነጥቁና ራሳቸው ይጨርሱታል። እኛም እንስቃለን፣ እናመሰግናለን፣ ወደ ቡኮው እንመለሳለን። በ2019 ሐኪም ጭስ ሲከለክላቸው ከምጣዱ ርቀው ወንበራቸውን ወደምንዘረጋበት አስጠግተው ተቀመጡ፤ ከወንበሩም ሆነው ነጠቁን። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመካከላችን አንዲት ሴት እንኳ አንድ ቶርቲያ እስከ መጨረሻው ቀድዳ አታውቅም። ስለዚህ ማንም አልተማረም።

አስከሬናቸው ቤት ሳለ የምግብ ቤት ባለቤት የሆኑት ዶን ሩቲሊዮ ኖሪዬጋ መጥተው፣ "ነፍሳቸውን ይማር። የቅዳሜውን ማን ይዘረጋል?" አሉ።

የሟች እህት ዶኛ ሬፉሂዮ፣ "እንዴት ያለህ ሰው ነህ? ሬሳ ፊት ቆመህ ስለ ሆድ ታወራለህ?" አሏቸው።

"እኔማ አለቅሳለሁ፣ ዶኛ። መንገደኛው ግን በልቶ ነው የሚያልፈው። እስከ ቅዱስ ፍራንሲስኮስ በዓል ካልሆነላችሁ ከፋብሪካ አስመጣለሁ።"

የፋብሪካው ቶርቲያ የእኛን ግማሽ አይሞላም። ፔርቼሮንን በእርሱ መጠቅለል ሕፃንን በመሐረብ እንደ መጠቅለል ነው። ይህንን ዶን ሩቲሊዮም ያውቃሉ። ግን ያደርጉታል፤ እኛም ሥራ እንፈታለን።

ማኅበሩ ይህን የሚጽፈው በሐዘን እንጂ በቁጣ አይደለም ለማለት ይፈልግ ነበር። ግን በሁለቱም ነው። ዶኛ ኤድዊሄስ ለእኛ አዝነው ነው እጃችንን ባዶ ያስቀሩት። ይህን በሕይወት ሳሉ ልንነግራቸው ይገባ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?

ለእህታቸው ለዶኛ ሬፉሂዮ፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው ምጣድ ፊት ለቆሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የዘጠኝ ቀኑ ጸሎት በየምሽቱ በቤታቸው ይደረጋል።

ከቀብር መልስ አባላት ልብሳቸውን ሳይቀይሩ እሳት አንድደው በየተራ ዘርግተዋል። ሁሉም ተቀዷል። አንዱም ከእጃችን አልተነጠቀም። ነገ ጠዋት እንቀጥላለን።

ክሌሜንሲያ ሞሮዮኪ
የማኅበሩ ጸሐፊ