ራሱ የሚነሳው ፕሮግራም

ይድረስ ኩማሲ ላለሽው እህቴ ላሚሲ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ የእማም ጉልበት ተሽሏታል።

በምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሮጬ ኮምፒውተሩን አብርቼ የዘፈኑን ፕሮግራም የማስነሳው እኔ አልነበርኩ? ከዘገየሁ እኮ ከተማችን ቦልጋታንጋ በሙሉ ያለ ሬዲዮ ነው! ሰኞ አኮልጎ የሚባል ባለሙያ መጣና የሆነ ነገር ነካካ፣ አሁን መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይበራል፣ ፕሮግራሙም ተከትሎ ራሱ ይነሳል። «ታላታ፣ ከእንግዲህ እግርሽ ይረፍ!» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

በነጋታው መብራት ሲመጣ እንደ ልማዴ ሮጥኩ፣ በሩ ጋ ሳልደርስ ዘፈኑ ጀመረ። አለቃችን ጋሽ አታንጋ አየት አደረገኝና ወደ ቢሮው ገባ።

አሁን ማንም ሳያዘኝ ወለሉን በቀን ሦስቴ እጠርጋለሁ፣ ማይክራፎኑንም እወለውላለሁ። ትናንት ጋሽ አታንጋ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የማወራሽ አለኝ» ሲለኝ «መጣሁ ጋሼ፣ ጓሮው አልተጠረገም!» ብዬ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ፣ እስኪሄድም አልተመለስኩም።

ስትደውዪ ስለ ፕሮግራሙ ለእማ እንዳታነሺባት፣ እሺ እህቴ?

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል፣ እግዜር ይጠብቅሽ። እዚያ ኩማሲ ሰው በእጁ የሚያስነሳው ኮምፒውተር አለ እንዴ?

ታናሽሽ ታላታ