ቅዳሜህን የወሰዱብኝ ሰዎች

ታምሬ ሆዴ፣

ልብህ ድንገት ቀጥ ብላ ከተለየኸኝ አንድ የበረዶ ወቅት አልፎ ሁለተኛው ሊመጣ ነው። ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር የነበረውን ክፍልህን አስረክቤ ዕቃህን ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ወደ እኔ ቤት አምጥቼዋለሁ። ካፖርትህን ከበሩ ኋላ ሰቅዬው፣ ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። እኔ አሁንም እዚያው ዲፕሎማቱ ቤት ልጅ ጠባቂ ነኝ። ልጆቹ ከእኔ የተማሩት አማርኛ ስድብ ብቻ ነው፤ ብትሰማቸው ትስቅ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጣውንቴ ነው፤ ስለዚያች አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን። ሳምንቱን ሙሉ ዙሪክ፣ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ስታጸዳ ትሰነብትና፣ ቅዳሜ ደግሞ በሽተኛ በነጻ ከሚያመላልሱት በጎ ፈቃደኞች ጋር እሷን ስታጥብና ቃሬዛ ስትጭን ትውላለህ። እኔ ጄኔቭ ሆኜ ብቻዬን ምሳ እበላለሁ። እሑድ ስትመጣ ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለህ። ስንቴ ተጣላን! ሰዎችህን አንድም ቀን ላያቸው አልፈለግሁም። ከሄድክ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከእነሱ ጋር ስትውል ትዝ እልህ ነበር ወይ?

ባለፈው ሳምንት አብራሪዋ ሩት ደወለችልኝ፤ ያቺ አውርተህ የማትጠግባት ጡረተኛ አስተማሪ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ እንደነገረችኝ፣ ዓለምነሽ የምትባል ያገራችን ልጅ የአሠሪዎቿን መስኮት ስትወለውል ወድቃ ወገቧ ተሰብሯል። ተኝታ ከጄኔቭ ዙሪክ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። ከአማርኛ ሌላ አታውቅም፣ ብቻዬን አልሄድም ብላም ታለቅሳለች። እኔ እንኳን ልሳፈርባት የዚያች አውሮፕላን ወሬ ሲነሳ ያመኛል፤ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ።

ጆሮዬን በትልቅ መሸፈኛ ደፍነው ከቃሬዛው አጠገብ አስቀመጡኝ። ሐይቁን እንዳለፍን ደመና ዋጠን። ታምሬ፣ ምድርም ሰማይም ጠፋ! አውሮፕላኗ እንደ ባዶ ጆንያ ትወረወራለች። ወገቧ በተነቃነቀ ቁጥር ዓለምነሽ እጄን ጨምድዳ ትጮኻለች። መሸፈኛውን አውልቄ ጆሮዋ ላይ ተደፍቼ፣ በኢየሱስ ስም፣ አይዞሽ፣ ደረስን እላታለሁ፤ እኔው ራሴ ያለቀልን መስሎኛል። ሩት አንዴም ዞር አላለችም። ጀርባዋን እያየሁ እጸልያለሁ። ጎማው መሬት ሲነካ እንኳ ዓለምነሽ እጄን አልለቀቀችም። የተቀበላት ሐኪም እግሯን ሲነካት ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ አየሁ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

እሷን በአምቡላንስ ሸኝቼ ወደ ባቡሩ ልሄድ ስል፣ ሩት ከአውሮፕላኗ መስኮት፣ ፍሬ! ብላ ጮኸች። ሳላስበው፣ አቤት! ብዬ ዞርኩ። ፍሬ ብሎ የሚጠራኝ አንተ ብቻ ነበርክ፤ ለሌላው ሰው ፍሬሕይወት ነኝ። እሷ ግን አላየችኝም፤ ሞተሩን አስነሳች። ግራ ገብቶኝ አጠገቤ የቆመውን ሽማግሌ መካኒክ ጠየቅሁት። ሞተር ሊነሳ ሲል ሰው ከፊት ከሚሽከረከረው ፕሮፔለር እንዲርቅ በጀርመንኛ ፍራይ፣ ነጻ ነው እንደማለት፣ ተብሎ ይጮኻል አለኝ። ታምራት ግን ፍሬ ነበር የሚለው፤ ብናርመው ብናርመው አሻፈረኝ አለ፤ ስንስቅበት ቆይተን በመጨረሻ ሁላችንም እንደሱ ማለት ለመድን አለኝ። ያንተ ስህተት መስሏቸው ነበር። የሚስትህ ስም መሆኑን ስነግረው ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ።

ለካ በየቅዳሜው ትጠራኝ ኖሯል! የፊታችን ቅዳሜ ዓለምነሽን ልጠይቅ ዙሪክ እሄዳለሁ፣ ከዚያም ከሰዎችህ ጋር እውላለሁ። እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ፣ ያቺ ሞተር በተነሳች ቁጥር አቤት እልሃለሁ።

ያንተው ፍሬ