በየደጁ የሚቆመው ፈረስህ

ለባለቤቴ ለተክሌ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬ ቆመ፤ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። እውነቱን ልንገርህና ዛሬ ወረቀት ያነሳሁት ላለቅስልህ አይደለም፣ ልወቅስህ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ፈረስ ነው ጥለህብኝ የሄድከው?

ከወቀሳው በፊት የቤቱን ልንገርህ። ገብሱ ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው ገባ። አሮጊቷ በግ መንታ ወለደች፤ ይብቃት ብለህ ልታርዳት ነበር እኮ! ጉብታው ላይ የስልክ ማማ ስለቆመ ሃሎ ለማለት ዳገት መውጣት ቀረ፤ ልጃችን ከደብረ ብርሃን ስትቆጣኝ ጓዳዬ ተቀምጬ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ገደል በተፋሰስ ዘመቻ እርከን በእርከን አድርገነዋል፤ ብታየው "ለዝንጀሮ ደረጃ ሠራችሁለት" ብለህ ትስቅ ነበር። እኔም ደህና ነኝ። ወፍረሻል ይሉኛል።

ሥራህን ደግሞ እኔ ይዤዋለሁ። አዎ፣ እኔ! መሐል ሜዳ ዳር ባለው የልጆች ግቢ፣ እግራቸው ያልጠናላቸውን ልጆች ፈረስ ላይ እያስቀመጥኩ የምመራው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሴት ፈረስ ስትስብ ለማየት ሰው ከገበያ ይቀር ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። ደስ ይለኛል ሥራው፣ አልዋሽህም። ከፈረሶቹ ጉራቹ ጨዋ ነው፣ ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ባዝራዋ አርጅታ ሆዷን ብቻ ነው የምታስበው፤ እሷም ብትሆን ሰው አታስቸግርም። የሚያቃጥለኝ ዳማው ነው፤ ያንተው ዳማ።

ይቆማል ተክሌ። ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል። በር ካየ ይቆማል፤ በሩ ተዘግቶ እንኳ እስኪከፈት ይጠብቃል። ይህን ያስተማርከው አንተ ነህ። አንተ እኮ ፈረስ ላይ ሆነህ ሰው አልፈህ አታውቅም። ትወርዳለህ፣ እጅ ትነሳለህ፣ ከዚያ ከብቱ እንዴት ነው፣ በጉስ፣ ገብሱስ፣ ያቺ ያመማት ምራትስ ትላለህ። ለገበያ ከኋላህ ስከተል ፀሐይ አናቴ ላይ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ደርሰን ገበያው ተበትኖ ውሻ ብቻ ቀርቶ አላገኘንም? "ምን ቸገረሽ፣ የምንፈልገውን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አገኘነው" አልከኝ። ጨው ነበር እኮ የፈለግነው!

የሥራህ ሁሉ መነሻ ያ ባና መሆኑንም አልረሳሁትም። ከደብረ ብርሃን በየሦስት ወሩ የምትመጣው የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ወይዘሪት ሜሮን፣ ኮርቻው ይቅር፣ ልጆቹ የፈረሱ ጀርባ ሲንቀሳቀስና ሲሞቅ ሊሰማቸው ይገባል ስትልህ፣ ቤት መጥተህ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን የበግ ጠጉር ባና ጎትተህ አወጣህ። ተው ሳልልህ አራት አጥፈህ ዳማው ጀርባ ላይ ጫንከው። "ፈረሱም ይሞቀዋል፣ ልጆቹም ይሞቃቸዋል፣ አንቺን ደግሞ እኔ አሞቅሻለሁ" አልክ። ይኸው ባናው እስካሁን ዳማው ላይ ነው። ሌላው ቃልህ የት ገባ? እንዲህ ያለውን ብርድ ብቻዬን ስችለው አታይም?

እና ስንቅነሽን ታውቃታለህ። የአስካለን ልጅ፣ እናቷ ሰው እንዳያይብኝ ብላ ስድስት ዓመት ጓዳ ያቆየቻትን። አንተ ነህ አስካለን ለምነህ ያስወጣሃት። ልጅቷ የምትወጣው ዳማው ላይ ብቻ ነው። ጉራቹ ላይ ብናስቀምጣት ጩኸቷ ከቀዬው ማዶ ድረስ ይሰማል። ዳማው ላይ ግን ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ጋማውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጣቶቿ እስኪነጡ። ያን ጭብጧን አንድም ቀን ፈትታ አታውቅም። ወይዘሪት ሜሮን ሁልጊዜ የምትጠብቀው እሱን ነው። ጋማውን ለቃ ወገቧን ችላ ስትቀመጥ ያን ጊዜ መቆም እንጀምራለን ትላለች።

ባለፈው መጥታ ስታየን ዳማው ከግቢው እስከ መስኩ አሥራ አራት ጊዜ ቆመ። ሜሮን በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። "ልጅቷ የምትታከመው በፈረሱ እርምጃ ነው፤ በየደጁ ከቆመ ምኑን ታከመች?" አለችኝ። "ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ካልታረመ ይውጣ፣ ሌላ ይተካ።" ከግቢ የወጣ ፈረስ የት እንደሚገባ ታውቃለህ። ጋሪ ነው። ስንቅነሽም ወደ ጓዳዋ ናት።

ያላደረግሁት የለም። በማለዳ አወጣሁት፤ እሱ ቆሞ የተኛውን ሰው ይጠብቃል። በዓይኑ ግራና ቀኝ ከረጢት ሰፋሁለት፤ በጆሮው ለየና ቆመ። ጎተትኩት፣ ለመንኩት፣ ገብስ በእጄ ይዤ ኋሊት እየሄድኩ አባበልኩት። ገብሱን በልቶ ቆመ።

አንተን ግን አልዋሽህም። ለሁሉም ሰው የምለው ስለ ልጅቷ ነው። እውነትም ነው፣ ግን ሁሉም እውነት አይደለም። ዳማው በቆመበት ደጅ ሁሉ ሰው ይወጣና መጀመሪያ ፈረሱን፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ "ነፍሱን ይማረው" ይላል። አሥራ አራት ደጅ፣ አሥራ አራት ነፍስ ይማር። ሲሄዱም ሲመለሱም። ሰው በቀን ሃያ ስምንት ጊዜ ባሏ ይሞትባታል? አንዴ ሞተህ አይበቃም? በፍጥነት ማለፍ ፈልጌ ነበር ተክሌ። ይኸው ነው።

ሜሮን የምትመጣበት ማክሰኞ ሲቃረብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፈረሱ የሚቆመው ሰው ሲያይ ከሆነ ሰው አይኑራ! ደጅ ለደጅ ዞርኩ። "እባካችሁ ማክሰኞ ጠዋት ሳልፍ አትውጡ፣ እንደምን አደርሽም አትበሉኝ" አልኩ። ይህን ስል ምን እንዳሰቡ ገምት። እትዬ የሺ ከመቀመጫቸው ተነስተው "ምን በደልኩሽ ልጄ?" ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምክንያቱን ብነግራቸውም "ፈረስማ ሰበብ ነው" አሉ። የአንድ ለአምስቱ መሪያችን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሰላምታው የቀረው ከወረዳ በወረደ መመሪያ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ ተወኝ አልኩት። ማስታወሻ ደብተሩን ሳይዘጋው ሄድኩ።

ማክሰኞ ደረሰ። ስንቅነሽን ባናው ላይ አስቀምጬ ወጣን፤ ሜሮን ከጎን፣ አስካለ ከኋላ። መንገዱ ጭር ብሏል። ዳማው ግራ ገብቶት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያያል፣ ግን ይሄዳል! አንድ ደጅ አለፍን፣ ሁለት ደጅ አለፍን። ልቤ ሊዘል ምንም አልቀረው። ሦስተኛው ደጅ ስንደርስ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ የእትዬ የሺ ድምፅ "እኔ አልወጣሁም እንግዲህ! እንደምን አደርሽ?" አለ። ዳማው ጆሮውን አቀና። ከሚቀጥለው ካብ ጀርባ ደግሞ ሌላው "እኔም የለሁም፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?" አለ። ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ሰማይ።

መታጠፊያው ላይ እጥፍ ስንልማ ጉድ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ተክለው መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ጋሽ ወልዴ መሐል ናቸው። ሀገሩን ሁሉ አትናገሩኝ ያልኩት ተቀይሜ ነው ተብሎ ሊያስታርቁኝ መጥተዋል! ዳማው ይህን ክብር ሲያይ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ቢጎትቱት ተራራ መጎተት ነው። በቃ፣ ጋሪ ገባ አልኩ በልቤ። ገመዱን ልጥለውና መሐል መንገድ ተቀምጬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የረገምኩት አንተን ነው፤ ይቅር በለኝ።

ጋሽ ወልዴ ግን ወደ እኔ አልመጡም። "መጀመሪያ ባለ ፈረሷን" አሉና በኔ አጠገብ አልፈው እጃቸውን ወደ ስንቅነሽ ዘረጉ። እጅ እንደማትሰጥ አልነገርኳቸውም፤ ማን ያውቃል፣ ጓዳ ያደገች ልጅ ናት። ዘርግተው ጠበቁ። የሽማግሌ እጅ ተንጠልጥሎ ሲቀር ያየሁበት ቀን የለም። ልጅቷ እጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጋማውን መፍታት ጀመረች፤ መጀመሪያ ትንሿን ጣት፣ ከዚያ የቀሩትን። ቀኝ እጇን ሰጠቻቸው። "እንደምን አደርሽ እመቤት" አሏት። ሁለተኛው ሽማግሌ ቀጠሉ፣ ሦስተኛውም። የተደበቀው ሁሉ ከየካቡ ጀርባ ብቅ ብሎ ለኔም ለኔም አለ። እትዬ የሺ ሁለቱንም እጆቿን ይዘው ሲስሟት፣ ስንቅነሽ ምንም ሳትይዝ፣ በወገቧ ብቻ፣ ፈረስህ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ዳማው ንቅንቅ አላለም።

ሜሮን መጻፍ ረስታ ቆማ ነበር። ኋላ "ይቁም" አለችኝ። "ምኑ?" አልኳት። "ፈረሱ። በየደጁ ይቁም፤ በቆመበት ሁሉ እጅ ትስጥ።" ይኸው አሁን ታዞልናል! ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እግሬ አለቀ። ጉራቹም አይቶ መቆም ጀምሯል፣ ልብ በል። አስካለ ግን ከኋላ መከተሏን ትታ ከልጇ ጎን እየሄደች ሰላም ትላለች። ሽማግሌዎቹም ከሀገሩ አስታርቀውኛል፤ ያልተጣላሁትን ታርቄ ወንበር ስበው አብልተውኛል።

ያልነገርኩህ አንድ መንገድ አለ። ከተቀበርክ ጀምሮ ዳማውን በቤተ ክርስቲያኑ በር አሳልፌው አላውቅም። አንተ እዚያ ሳትወርድና ሳትሳለም አልፈህ አታውቅምና፣ እንደሚቆም አውቃለሁ። ስለዚህ በታች በኩል በጭቃው ስዞር ከረምኩ። ስንቅነሽ አሁን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያሉት ሰዎችም እንዲቀሩባት አትፈልግም። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ በዚህ ሀገር ብፈልግስ ማን ያስረሳኛል? ግን ቅዳሜ በላይኛው መንገድ እንመጣለን። ፈረስህ በሩ ላይ ይቆማል። አልጎትተውም። እሱ ልሂድ እስኪል ድረስ አብሬው እቆማለሁ።

ባለቤትህ ዘነበች