ግድግዳዬን ለፈወሱልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቤት ሽያጭ ወኪል ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፣

ጉዳዩ፦ በቤቴ ላይ ስለ ተደረገው መልካም ሥራ ሁሉ ምስጋና ማቅረብን፣ እንዲሁም ግድግዳዬን እንደገና መብሳቴን ማሳወቅን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም በሄዱበት ሁሉ የሰው ግድግዳ የሚያንኳኳው ቀኝ እጅዎ ደህና ነውን? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ላሳጣ ብዬ አይደለም፤ ቤቴን ለሕዝብ ክፍት አድርገው ሲያስጎበኙ ስለ ከረሙ፣ ደብዳቤዬም ለሕዝብ ክፍት ቢሆን ቅር አይልዎትም ብዬ ነው።

ማን እንደሆንኩ በሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ ጡረታ የወጣሁ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ስለሆነ ቃል ብስት ይቅር ይበሉኝ። ባለቤቴን ከሁለት ዓመት በፊት ቀብሬአለሁ። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወድቄ፣ ጎረቤቴ ድምፄን ሰምቶ እስኪያነሣኝ ድረስ እኔና ወለሉ ስንተያይ አረፈድን። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጄ ይህን ስትሰማ፣ “አባዬ፣ በቃ! ቤቱን ሸጠህ እኔ ጋ ትመጣለህ” ብላ ቆረጠች። ልጄ ስትቆርጥ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ይግባኝ የለም። እርስዎንም የመረጠችልኝ እሷ ናት። “ደላላ እንዳትላቸው አባዬ፣ ወኪል ነው የሚባሉት” ብላ አስጠንቅቃኛለች። እስከዚህ መስመር ድረስ ትእዛዟን ጠብቄአለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ክፍሎቹን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ “ቤቱስ ግሩም ነው፤ ችግሩ ሰው ይኖርበታል” ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ገዢ የሚወደው ማንም ያልኖረበትን ቤት መሆኑን ሲያስረዱኝ፣ ልጅ ያሳደግንባቸው ዓመታት ሁሉ ንብረት ስናበላሽ የኖርንባቸው መሆናቸው ገባኝ። ፎቶዎቻችን ያን ጊዜውኑ ወረዱ። ሠራተኛዎ የባለቤቴን ፎቶ በጋዜጣ ሲጠቀልል፣ “እማማ ትንሽ ይረፉ” አላት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ደመወዝ ይጨምሩለት።

ሁለተኛ፤ የእኔ ሶፋና አልጋ ወደ ጋራዥ ተሰደው በምትካቸው ስለ ላኩልኝ ዕቃ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶች፤ እርስዎ ግን ወርቁንም አልላኩት። የማይጨመቅ የፕላስቲክ ሎሚ በሳህን ላኩ። የማይነበቡ መጻሕፍት ላኩ፤ አንዱን ከመደርደሪያው ስስበው ሌሎቹ አብረው መጡ፤ ለካ ሽፋናቸው ብቻ በአንድ ላይ የተጣበቀ ባዶ ሣጥን ነው። አልጋውማ፣ ከላይ ዳንቴልና አራት ትራስ፣ ከሥር የተደረደረ ካርቶን። ይህን ሳላውቅ ጫማዬን ላወልቅ ጫፉ ላይ ብቀመጥ እስከ ወገቤ ሰመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ በአልጋ ውስጥ ተቀብሬ ጣሪያ ሳይ፣ “ጌታዬ፣ ሰዓቴ ደርሶ ከሆነ በሌላ ሰው ካርቶን ውስጥ አታድርገው” ብዬ ጸለይኩ።

ሦስተኛ፤ ጸሎትን ካነሣሁ ዘንድ፣ ጠዋትና ማታ የምንበረከክባት ጥግ “ገዢን ይከፋፍላል” ተብላ ስለ ተነሣችልኝ። ምንጣፌንና መጽሐፌን ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ከነዳጅ ቆርቆሮ አጠገብ ይጸለያል ወይ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ፈጣሪ ግን ጋራዥ ይገባል። እንዲያውም እዚያ ሆኜ ራሴን ስመረምር ጸሎቴ ሁሉ ስለ እርስዎ ሆኖ አገኘሁት። በመጀመሪያው ቀን ድርጅትዎ እንዲዘጋ ለመንኩ። አፈርኩና በሁለተኛው ቀን ወደ ራስ ምታት ዝቅ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ራስ ምታቱ ቀላል ይሁንላቸው አልኩ። ከዚያ በታች መውረድ እስካሁን አልተቻለኝም፤ እየሞከርኩ ነው።

አራተኛ፤ ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው።

በማድ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋው ትራስ ትይዩ፣ የትሪ ስፋት ያላት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት፣ ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገባት እኔ በማድ ቤቷ ውስጥ የማደርገውን አለማየቷ ነበር። “ምን ሰበርክ?” ትላለች ከዚያ ማዶ። “ምንም” እላለሁ ስብርባሪውን እየለቀምኩ። በመጨረሻ መሮና መዶሻ ተውሼ ግድግዳውን በሳሁት። ሾፌር እንጂ ግንበኛ አይደለሁምና ቀዳዳዋ ወደ ቀኝ ዘመመች። ባለቤቴ አየት አድርጋ፣ “ፌርማታ ላይ ልትቆም ነበር እንዴ ወደ ዳር የወጣኸው?” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባው በማንኪያ በዚያች ቀዳዳ ይሄዳል፤ ፍርዱም በዚያው ይመለሳል። “ጨው ጨመርክ?” “ኧረ አልጨመርኩም!” “ጨምረሃል፤ ሰምቼዋለሁ።” ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኔ ግድግዳ አፍም ነበረው። ካረፈች በኋላም ጠዋት ጠዋት አጎንብሼ በዚያ በኩል “ደህና አደርሽ” ማለቴን አልተውኩም። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ሰላምታ ግን መልስ የለውም ተብሎ አይቀርም።

ይህቺን ቀዳዳ፣ እኔ ለልጄ ዕቃ ላደርስ የሄድኩ ጊዜ፣ እርስዎ ሳይጠይቁኝ፣ ሳያስቸግሩኝ፣ በኮምፔርሳቶ አስደፍነው፣ በጀሶ አስለስነው፣ ነጭ ቀለም አስቀብተው ጠበቁኝ። በስልክም “ጉድለቱ ተስተካክሏል” ብለው አበሠሩኝ። ገብቼ ባይ ግድግዳው ድኗል። ሐኪሞች ባለቤቴን ማዳን አቅቷቸው ነበር፤ እርስዎ ቢያንስ ግድግዳዋን አዳኑት።

ደግሞም ሐቁን ልንገርዎት፤ ሁሉን በቁጣ አልተቀበልኩትም። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ልጥድ ገብቼ እንደ ልማዴ ባጎነብስ ግንባሬ ከቀለሙ ጋር ተገናኘ፤ እዚያው እንዳጎነበስኩ፣ ምናልባት ፈጣሪ በእኚህ ሰው እጅ “በቃህ፣ አሳርፋት” እያለኝ ይሆን? ብዬ ጠየቅሁ። ቀዳዳይቱ ለእሷ ነበረች፤ እሷ የለችም፤ እንግዲህ ቀዳዳይቱ ለማን ናት? ሻዬን ጣድኩ። መልሱን በኋላ ግድግዳው ራሱ ተናገረ። እንዴት እንደ ተናገረ ልንገርዎ።

በሕግዎ መሠረት “ባለቤት ካለ ገዢ ይሸማቀቃል” ስለተባለ፣ ጎብኚ ሲመጣ ማዶ ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ድሮ እዚያ ሰው አሳፍር ነበር፤ አሁን የገዛ ቤቴ እስኪሸጥ እጠብቅበታለሁ። አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ ወረደና ወደ በሬ ሮጥኩ። ያቺ ወጣት አስጎብኚዎ፣ “ይግቡ አባባ፣ ይግቡ፤ ጫማዎን ብቻ ይጥረጉ፣ ቤቱ እንደ አዲስ ነው” ብላ አስገባችኝ። አይታኝ አታውቅም፤ ፎቶዬም ግድግዳው ላይ የለም። “ቤቱን የሚፈልጉት ለልጅዎ ነው ለራስዎ?” ብትለኝ፣ “ገና አልወሰንኩም” አልኩ፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ቤቴንም እንደ እንግዳ ተከትያት ጎበኘሁ። ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖሩ ባለጸጋ መሆናቸውን፣ ማድ ቤቱም እምብዛም እንዳልተሠራበት ከእሷ ሰማሁ። የሰማሁት ሁሉ አስደሰተኝ፤ በሰውየው ቀናሁ።

አብራን የምትጎበኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከሥራዋ በቀጥታ መምጣቷን አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ሜትር ይናገራል። በማስታወቂያው ላይ “ደረጃ የሌለው” የሚለውን አይታ ነው የመጣችው፤ ታላቅ እህቷ መራመድ አትችልም። አስጎብኚዎ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከእርስዎ ተምራ ይመስለኛል፣ “ግድግዳውን ስሙልኝ፣ አለት ነው!” እያለች ታንኳኳ ጀመር። እውነትም አለት ነበር። እጇ ከትራሱ አጠገብ ሲደርስ ግን ከበሮ ሆነ።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች ልብስ ሰፊዋ። “የአየር መተላለፊያ ነው” አለች አስጎብኚዎ ሳታቅማማ። “ተደፍኖ በምን ሊያስተላልፍ?” ስትላት ጊዜ፣ ልጅቱ ጭንቅ ሲይዛት አይቼ ላግዛት ብዬ፣ “ልጄ፣ ቀዳዳ ናት፤ የበሳኋት እኔ ነኝ” አልኩ። ውጭ አገር ከሚኖረው ባለጸጋ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቷ ገብቷት ቀለሟ ተለዋወጠ። “መቼ ገቡ?” አለችኝ በሹክሹክታ። “አሁን፤ ዝናቡ ሲመጣ” አልኳት።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ለምን እንደ በሳሁት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከወለሉ እስከዚያ ቦታ ለካች። “እህቴ እኔ ስሰፋ ስውል ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው። እዚህ ቤት ለስፌት የሚሆን ብርሃን ያለው ደግሞ ማድ ቤቱ ጋ ነው” አለች። ቀጥላም፣ “ይከፈታል?” አለችኝ።

ሰዎቹ እንደ ወጡ መሮዬን ከጋራዥ አመጣሁ። ኮምፔርሳቶው እንደ ብስኩት ተሰበረ፤ ስለ ዕቃው ጥራት ለብቻው አመሰግናለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ማስጠንቀቂያዎ ደረሰኝ። “ለሽያጭ የተዘጋጀውን ንብረት ሆን ብለው አበላሽተዋል” ይላል። በገዛ ግድግዳዬ ስከሰስ የመጀመሪያዬ ነው። ቀደም ብለው ቤቱን የጎበኙ አንድ ባለ መነጽር ገዢ ከሁሉ የተሻለ ዋጋ ስላቀረቡ፣ እሳቸው ቅዳሜ ከመምጣታቸው በፊት ቀዳዳው ተመልሶ ይደፈን ብለው አዘዙኝ። እኚህ ሰው ያንኑ ግድግዳ ከሥሩ አፍርሰው ሁለቱን ክፍል አንድ አዳራሽ ሊያደርጉ መሆኑን ግን እርስዎው ራስዎ ነግረውኛል። እንግዲህ ሊያፈርሱት የሚመጡት ሰው ሙሉ ሆኖ እንዲያገኙት ግድግዳውን ልጠግን ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ባላቋርጥ ኖሮ ይህ ይገባኝ ነበር ይሆናል።

እኔ ግን ከቅዳሜው በፊት ልብስ ሰፊዋን ከነእህቷ ጠራኋቸው። ታላቅየዋ በተሽከርካሪ ወንበሯ ገባች። ልኩን ለማየት አልጋው ላይ እናስተኛት ስንል አስጎብኚዎ፣ “ኧረ በማርያም! እሱ አይተኛበትም!” ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ስለዚህ እሷም ጭምር አግዛን ካርቶኑን ገፋነው፤ የተሰደደው ሶፋዬም ከጋራዥ ወጥቶ በቦታው ገባ። ታላቅየዋን ጋደም አደረግናት። ታናሽየዋ ማድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ስትከፍት፣ ከወዲህ በዘመመችው ቀዳዳ በኩል ድምፅ ተሰማ፦ “ዝጊው! ወንዝ ነው እንዴ?”

እኔም ጋራዥ ገብቼ ከነዳጅ ቆርቆሮዬ አጠገብ ትንሽ ቆየሁ።

አምስተኛ ምስጋና ነበረኝ፤ ስለ ቀለሙ ነው። ትቼዋለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ቤቱ ለእህትማማቾቹ ሆኗል፤ ውላችንም ሻጩ ገዢውን ይመርጣል ስለሚል ለዚህም አመሰግናለሁ። የድካም ዋጋዎ ሳይጓደል ይደርስዎታል። አስጎብኚዎን እንዳይቆጧት አደራ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከላኩት ሁሉ እውነተኛ ሆና ያገኘኋት እሷን ብቻ ነው። ልጄ ስደውልላት መጀመሪያ፣ “አባዬ፣ ባለ መነጽሩ እኮ ይሻሉ ነበር” አለችኝ። ነገሩን ከሥር መሠረቱ ነገርኳት። ከዚያ፣ “የእማዬን ቀዳዳ? ማነው እሱ ያስደፈነው ደላላ?” አለች። ትእዛዙን ያነሣችው ራሷ ስለሆነች፣ ከዚህ መስመር በኋላ ነፃ ነኝ።

በሄዱበት ሁሉ በር እንዲከፈትልዎ፣ ያንኳኩት ግድግዳ ሁሉ ደግ ደጉን እንዲመልስልዎ፣ ሲደክምዎም ከካርቶን ባልሆነ አልጋ ላይ እንዲያርፉ እየለመንኩ፣ ከማይሻር አክብሮት ጋር፣

ችግሩ ቤቱ ውስጥ መኖሩ የነበረው፣
ጡረተኛው ሾፌር

ግልባጭ፦
- ለልጄ
- ለፌርማታው አግዳሚ
- በጋዜጣ ተጠቅልላ ለምታርፈው ባለቤቴ

ማሳሰቢያ፦ ዕቃዎን ሳይጎድል ለሠራተኛዎ አስረክቤአለሁ። አንዱ የፕላስቲክ ሎሚ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ የእኔ አይደለም፤ ባለ መነጽሩ ናቸው። ማስጠንቀቂያዎንም ከነፖስታው በእነዚያ ሽፋን ብቻ በሆኑት መጻሕፍት ውስጥ ከትቼ ልኬልዎታለሁ። መጽሐፉ አሁንም ምንም አይነበብበትም፤ ቢያንስ ግን ባዶ አይደለም።